ነጭ ጠጅ በሰቆጣ

ባለፈው ሰኔ ከሥራ ወጣሁ። ወገቤን ያየው ሐኪም ከእንግዲህ ጋን ማንሣት ቀርቶ ማዘንበልም እንደማይገባኝ ነገረኝ። የንብ አናቢዎች ማኅበራችን ሰዎች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰብሰብ ብለው ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስታወት የገባ የምስጋና ወረቀትም ሰጡኝ። ሊቀ መንበሩ በንግግሩ መሀል «አንጋፋዋ የመጠጥ ዝግጅት ባለሙያችን» ሲል ስለ ማን እንደሚያወራ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። እኔ ጠጅ ጣይ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ጠጅ ጥያለሁ፤ አብዛኛው ደግሞ ከዋግ ነጭ ማር የሚጣለው ነጭ ጠጅ ነው። አሁን እጄ ሥራ ፈትቶ ቀኑ ስለረዘመብኝ እንዴት እንደጀመርኩ፣ ከማን እንደተማርኩ፣ ያጠፋሁትንም ጭምር ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ስለ ጠጁ ልጀምር። «ነጭ ጠጅ» ስል የመሀል አገር ሰው ማር ተሰስቶበት የቀጠነ ጠጅ የምል ይመስለዋል። ለእሱ ጠጅ ማለት ቢጫና ደፍረስ ያለ ነገር ነው። የእኛ እንዲያ አይደለም። በብርሌ ቀድቶ ወደ መስኮት ላነሣው ሰው ከጀርባ ያለው ጣቱ ይታየዋል፤ ጠርዙ ላይ ብቻ እንደ ገብስ ገለባ ፈዘዝ ያለች ቀለም አለች። ሲጠጣ አፍ ላይ አይለጠፍም። ቀዝቀዝ ብሎ ይገባል፣ ምላስን ከግራና ከቀኝ ነካ ያደርጋል፣ ጣፋጩ ቶሎ ይሄድና አፍን ንጹሕ አድርጎ ይተወዋል። ሽታው ዝናብ ካባራ በኋላ ተዳፋት ላይ የሚሸተው አበባ ነው። ጠጪዎቻችን ደረቅ ጠጅ ይሉታል። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ መጠጥ አልቀመስኩም፤ በብርጭቆ ቀድተው ብዙ የሚያወሩለትን የፋብሪካ ወይንም ቀምሼ ነው ይህን የምለው።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከመሬቱ ነው። ዋግን በሚያዝያ ያየ ሰው ድንጋይና አቧራ አይቶ ይመለሳል፤ ንብ ምን ልትበላ እዚህ ትኖራለች ይላል። በመስከረም መምጣት ነበረበት። ከብት እንዳይገባባቸው በተከለሉት ተዳፋቶች ላይ መንጠሴ የምንለው ቁጥቋጦ ያብባል። አበባው ነጭ ነው። ጭንጫ ላይ፣ ድንጋይ ለድንጋይ መሀል፣ እህል በማይበቅልበት ቦታ ይበቅላል፤ ንቡም ከጠዋት እስከ ማታ ከላዩ አይነሣም። ቀፎው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ሲከፈት ማሩ መጀመሪያ ጥርት ያለ ነው፤ የደጋው ብርድ ሲነካው ደግሞ እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ይረጋል። የጋዝጊብላው ጠንከር፣ የደሃናው ለስለስ ይላል። ዝናብ አጥሮ መንጠሴው ሳያብብ በሚቀርበት ዓመት ነጭ ጠጅ የሚባል ነገር የለም። ያን ዓመት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

የተወለድኩት ጋዝጊብላ ነው። ባሌ በሕመም ሞቶብኝ ሰቆጣ የመጣሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ሲሆን፣ የገባሁትም ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ ሴት ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። ሆቴል ይባል እንጂ አምስት አልጋና አንድ ሰፊ የጠጅ አዳራሽ ነበር። እትዬ ዘውድነሽ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ሲቆጡ በአማርኛ፣ ደስ ሲላቸው በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና ይናገራሉ። እኔ አፌን የፈታሁት በኽምጣና ስለሆነ ከሥራ ጓደኞቼ ቀድሜ ደስታቸውን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ ግን የምሰማው አማርኛ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ ከዕቃ ማጠቢያው አውጥተው ወደ ጠጁ ቤት አስገቡኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ ጠይቄያቸው ነበር፤ ብርሌ ካጠብኩ በኋላ አሽትቼ የማስቀምጥ እኔ ብቻ በመሆኔ ነው አሉ። ይህን እንደማደርግ ራሴም አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ማር አላስነኩኝም። ጋን አጥባለሁ፣ ውኃ አመጣለሁ፣ ጌሾ እልጣለሁ። ጌሾውን የሚያዘጋጁት እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ቅጠሉን በፍጹም አያስገቡም። እንጨቱን ብቻ ይመርጡና ልጣጩን በቢላ እየገፈፍኩ ነጭ እስኪሆን አስጨርሱኛል፤ ቀለሙንና ብርቱውን ምሬት የሚያመጣው ልጣጩ ነው ይሉ ነበር። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጌ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። ሌላው ጠጅ ጣይ በወይራ ያጥነዋል፤ እሳቸው ግን ጭስ ወደ ነጭ ጠጅ እንዲቀርብ አይፈልጉም። ቀፎ ሲቆርጥ ጭስ ያበዛ አናቢ ማር ካመጣላቸው ገና ክዳኑ ሲከፈት ያውቁታል፤ አመስግነው ይመልሱታል።

ከሁሉም በላይ የማይተዉት አንድ ልማድ ነበራቸው። ማር የሚገባበትን ጋን፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ መጀመሪያ ውኃ ሞልተው ደረቅ አመድ በተነሰነሰበት ወለል ላይ አንድ ቀን ሙሉ ያቆሙታል። በማግሥቱ ተንበርክከው አመዱን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። አመዱ እንደደረቀ ከሆነ ጋኑ ማር ይገባዋል። ትንሽ እንኳ ከረጠበ ለጠላ ይሄዳል። ሥራ የበዛበት ሳምንት ነው ብዬ አንድ ጊዜ ላሳጥረው ስሞክር አዩኝና የሞላሁትን ማር ብርዝ ሁሉ በእጃቸው ገልብጠው ሌላ ጋን ውስጥ ጨመሩት። ቀኑን ሙሉ በአማርኛም በኽምጣናም አላናገሩኝም።

ጠጁን የሚቀምሱት ጠዋት እህል ሳይቀምሱ ነው። በዋዜማው በርበሬ አይበሉም፤ አፋቸውን ለብ ባለ ውኃ ይጉመጠመጡና ትንሽ ጠብታ ይወስዳሉ። ከመቅመሳቸው በፊት ደግሞ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ያስጠጋሉ። መፍላት የጀመረ ጠጅ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚንጠባጠብ ካፊያ ድምፅ አለው። ድምፁ ሲሳሳ ጌሾው ይወጣል፣ ሰፈፉ ይገፈፋል፣ ጠጁ በነጠላ ይጠለላል። ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ስጠይቃቸው ጋኑን ጠይቂው ይሉኝ ነበር። የቧንቧ ውኃ ወደ ከተማው ሲመጣ እንኳ የመድኃኒቱ ሽታ እስኪለቀው ሁለት ቀን አፉ ክፍት በሆነ እንስራ ሳያስቀምጡ አይጠቀሙበትም ነበር።

ማር መለየት ያስተማሩኝ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እትዬ ዘውድነሽ ማር የሚገዙት ከሐጂ ኑርሁሴን ብቻ ነበር። ሐጂ ሱቃቸው ገበያው ጥግ ላይ ነው፤ ጨው፣ ሻማና ማር ይሸጣሉ። በዕድሜያቸው ጠጅ በአፋቸው አልዞረም፤ እምነታቸው አይፈቅድም። ሆኖም ከየትኛው ማር ምን ዓይነት ጠጅ እንደሚወጣ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ማሩን በሁለት ጣታቸው አሻሽተው ያሸታሉ፣ ከጥፍር ጫፍ የማትበልጥ ይቀምሳሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ከዚያ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ ይናገራሉ። ሻጩ ተገርሞ ሲያያቸው ፈገግ አይሉም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀመሱኝ ቀን ቶሎ «ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩላቸው።

«ምላስሽን አትመኚ ልጄ» አሉኝ። «ምላስ ጣፋጭ ሁሉ ደስ ይለዋል። ዝም በይና ጉሮሮሽን ጠብቂ።»

በበጋ የቆላ ቁልቋል ሲያብብ ንቦች ከእሱ የሚሠሩት ማር አለ። ሲረጋ ሊነጣ ይችላል፤ ምላስ ላይም ይጣፍጣል፤ ከቆይታ በኋላ ግን ጉሮሮን ይለበልባል። ሐጂ ይህን ማር በአጠገባቸው አያሳልፉም ነበር። እኔም በዓመታት ውስጥ ጉሮሮዬን መጠበቅ ለመድኩ።

በስምንተኛው ዓመቴ እትዬ ዘውድነሽ ወደ ጽጽቃ ላኩኝ። አቶ መብራቱ የሚባሉ ዘመዳቸው እዚያ ጠጅ ቤት ከፍተው ጠጅ ጣይ አጥተው ነበር። ጽጽቃ ከሰቆጣ ሞቅ ይላል፤ በሰቆጣ በሦስት ሳምንት የሚደርሰው ጠጅ እዚያ ይቸኩልና በሳምንት ውስጥ ይሆመጥጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጋኖች ደፋሁ። ከዚያ ጉድጓድ አስቆፍሬ አሸዋ አስሞላሁና ጋኖቹን እስከ አንገታቸው ቀብሬ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣሁት። ያኔ ጠጁ ረጋ ብሎ መፍላት ጀመረ። ሌላው ችግር ጠጪው ነበር። ነጩን ጠጅ ሲያዩ ውኃ ተጨምሮበታል ብለው ብርሌውን ይመልሳሉ። አቶ መብራቱም እርድ ጨምሪበትና ቢጫ ይሁን አሉኝ። አልጨምርም አልኳቸው፤ ተጣላን። በመጨረሻ ለአንድ ወር ያህል በሸክላ ዋንጫ እንዲያቀርቡልኝ ለመንኳቸው። በሸክላ ቀለሙ አይታይም። ጠጪው ወደደው፤ ሰው ከገበያ ሲመለስ የእኛን ቤት መጠየቅ ጀመረ። ከወር በኋላ በብርሌ ሲቀዳላቸው አንዳንዱ ሳቀ፤ የመለሰ ግን አልነበረም። አቶ መብራቱ ደግ ሰው ናቸው፤ ተሳስቻለሁ ብለው ደመወዜን ጨመሩልኝ። ከእሳቸው ጋር አራት ዓመት ሠራሁ።

ወደ ሰቆጣ የተመለስኩት እትዬ ዘውድነሽ ሲደክሙ ነው። ሆቴሉን ከእሳቸው በኋላ ልጆቻቸው ሸጡት። እኔን ደግሞ የንብ አናቢዎች ማኅበሩ ቀጠረኝ፤ ማር መሸጫ ሱቅ ነበራቸውና ከጎኑ ጠጅ እንዳዘጋጅ ፈለጉ። ደመወዙ መጠነኛ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሥራው ቆመ፤ ማርም አልመጣም፣ ሰውም ስለ ጠጅ አያስብም ነበር። ከተሰደድንበት ስንመለስ ከጋኖቼ አብዛኞቹ ተሰባብረው አገኘኋቸው። አዳዲስ ገዝቼ ጀመርኩ። አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነውም ከዚያ በኋላ፣ ከሥራ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው።

አያ ሞላ የጋዝጊብላ ሰው ናቸው፤ ለማኅበራችን ማር ከሚያመጡት ሁሉ የእሳቸውን የሚስተካከል አልነበረም። ቀፏቸውን ሲከፍቱ ጭስ አያበዙም፤ እንደውም ንቦቹ ያውቁኛል እያሉ ባዶ እጃቸውን የሚያስገቡ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ትልቋ ልጃቸው የሺ በጥር ልትዳር ነበር። በኅዳር የቆረጡትን ማር ግማሹን ለገበያ አስቀርተው ግማሹን በአህያ ጭነው እኔ ዘንድ መጡ። ለሠርጉ ነጭ ጠጅ ጣይልኝ፣ የልጄ አማቶች የእኔን ማር በአንቺ እጅ ይጠጡት አሉኝ። እንዲህ ያለ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። ኩራት ተሰማኝ።

ለዚያ ሥራ ከገበያ ትልቅ አዲስ ጋን ገዛሁ። ለገናም ሌላ ብዙ ትእዛዝ ነበረብኝ። ጋኑን አጠብኩት፣ አደረቅኩት፤ አመዱ ላይ ግን አላቆምኩትም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ያላቋረጥኩትን ነገር ያን ሳምንት ዘለልኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ወለሉ ረጥቧል፤ ከጋኑ ሥር የማር ብርዝ እንደ እንባ እየወረደ ነበር። ሲሶው ሄዷል። የቀረውን ሌላ ጋን ውስጥ ገለበጥኩና ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያኔ ለአያ ሞላ ሰው ልኬ ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሰው ለሠርግ ያነሰ ጠጅ ያቀርባል፣ በጠላ ይሞላል። እኔ ግን አፈርኩ። ሐጂ ዘንድ ሮጥኩ፤ ነጭ ማር አልቆባቸው ነበር፤ እስከሚቀጥለው ገበያ ጠብቂ፣ ከደሃና ይመጣልኛል አሉ። መጠበቅ አልፈለግኩም፤ ብርዙ መፍላት ጀምሯል፣ የሚጨመረው ማር አሁን መግባት አለበት ብዬ። ገበያው ዳር አንድ የማላውቀው ሰው በባልዲ የረጋ ነጭ ማር ይዞ ቆሟል። ቀመስኩት። ምላሴ ላይ ጣፈጠ። ቆይቶ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ነካኝ፤ ቀለል ያለች ትኩሳት። ተሰምቶኛል፤ አልተሰማኝም ማለት አልችልም። ሲፈላ ይጠፋል ብዬ ራሴን አሳመንኩና ገዛሁት።

ጠጁ ሲደርስ ጠዋት በባዶ ሆዴ ቀመስኩት። ትኩሳቷ አልጠፋችም፤ እንደውም ጎልታለች። ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሰው ዶሮ ወጥ በልቶ ነው የሚጠጣው፣ በርበሬው ይሸፍነዋል አልኩ።

በርበሬው አልሸፈነውም። ሠርጉ ላይ እኔም ተጋብዤ ነበርና በዓይኔ አየሁት። መጀመሪያ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ጠጡና ሳሉ፤ አንዱ ብርሌውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም፤ ብርሌዎቹ ብቻ ሳይጎድሉ ቆሙ። አያ ሞላ ራሳቸው ቀምሰው ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ጠላ አምጡ አሉ። የሙሽራው እናት ወደ እኔ መጥተው ጠጁ ምን ሆኖ ነው ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ማሩን እንደመጣ ነው የጣልኩት» አልኳቸው።

በዕድሜዬ ከተናገርኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ከሠርጉ በኋላ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ተራራውን ዞረ። የአያ ሞላ ማር ጉሮሮ ያቃጥላል ተባለ። ለገበያ ያስቀሩትን ግማሽ ማር ይዘው ሲወጡ የሚያቆም ሰው አጡ። የሺም ባሏ ቤት ገብታ የሚያቃጥለው ማር ልጅ እየተባለች ሲቀለድባት እንደሰነበተች ኋላ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ሰቆጣ ተቀምጬ ሥራዬን እሠራ ነበር።

የካቲት ሲገባ ሐጂ ኑርሁሴን ሰው ልከው ሱቃቸው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ትንሽ ቅል ማር ነበረች። ከጫፏ አንሥተው አቀመሱኝና እንደ ጥንቱ ዝም ብለው ጠበቁ።

«ጉሮሮሽ ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«ይህ የሞላ ማር ነው። ትናንት ራሱ አምጥቶልኝ ሦስት ጊዜ ቀመስኩት። ምንም ካላለ፣ ሠርጉ ላይ የተጠጣው ከየት መጣ?»

ነገርኳቸው። ስለ ጋኑ፣ ስለ አመዱ፣ ገበያ ዳር ስለቆመው ሰው፣ ለሙሽራው እናት ስለመለስኩት መልስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐጂ አልተቆጡኝም። ቅሏን ከድነው ወደ ጎን አደረጓት።

«ለእኔ መንገርሽ ምንም አይሠራም ልጄ» አሉ። «የተበላሸው የእኔ ስም አይደለም።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጋዝጊብላ ሄድኩ። በዋዜማው እህቴ ቤት አድሬ ጠዋት ገበያ ስደርስ አያ ሞላ ሁለት ባልዲ ማር ፊታቸው አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው በግራና በቀኝ ያልፋል። ከፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። በኽምጣና ነበር የምናገረው፤ በአማርኛ ብናገር ከነገሩ የምሸሽ መሰለኝ። አያ ሞላ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ለእኔ ብቻ ነው የምትነግሪው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«እርስዎ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።»

«እንግዲያው እዚህ ተቀመጪ።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥኩ። በፊታችን ላለፈ ሰው ሁሉ እኔ ነኝ የአያ ሞላን ማር ከሌላ ቀላቅዬ ያበላሸሁት፣ የእሳቸው ማር እንከን የለውም፣ ቅመሱት እያልኩ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሳቀ። አንድ በልጅነቴ የማውቃት ሴት አንቺስ ስምሽ ይጥፋ ብላኝ አለፈች። አያ ሞላ አልተከላከሉልኝም፤ አልጨመሩብኝምም። ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ቀመሱና ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ገዙ። እሳቸውን አይተው ሌሎች መጡ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ባልዲ ባዶ ሆነ፤ ሁለተኛውም ጎደለ።

ገበያው ሲበተን አያ ሞላ ማንኪያቸውን ጠረጉና የቀረውን ባልዲ ወደ እኔ ገፉት።

«ይህን ጣይው። ሌላ ምንም ሳታስገቢበት።»

ይቅርታ አላደረጉልኝም፤ ያን ቀን አላደረጉልኝም። ግን ባልዲውን ሰጡኝ።

ሰቆጣ ተመልሼ አንድ ትንሽ አሮጌ ጋን መረጥኩ። በግራዋ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፣ ውኃ ሞልቼ አመድ ላይ አቆምኩት። በማግሥቱ ተንበርክኬ ዳሰስኩ፤ ደርቋል። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ ሌላ ቀን ጨመርኩለትና እንደገና ዳሰስኩ። ጌሾውን ራሴ ላጥኩ፤ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ጾሙን ሙሉ በየቀኑ ጆሮዬን ጋኑ ላይ አስጠጋ ነበር። ለሳምንት ያህል ካፊያው አላቋረጠም፤ ከዚያ ሳሳ፤ ከዚያ ቆመ። ጌሾውን አውጥቼ ሦስት ጊዜ በነጠላ አጠለልኩትና ቀዝቃዛ ቦታ አሳረፍኩት። ጠዋት ቀምሼ ጉሮሮዬን ጠበቅኩ። አፌ ውስጥ የቀረው የመንጠሴው ሽታ ብቻ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ከጣልኩት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ይህን የምለው የእኔ እጅ ስላለበት ሳይሆን ማሩን ስላወቅኩት ነው።

በዳግማይ ትንሣኤ ጠጁን በአህያ አስጭኜ ከአያ ሞላ ጋር ወደ የሺ ባል ቤት ሄድን። መንገዱ ግማሽ ቀን ይወስዳል። አያ ሞላ አንድ ዳገት ላይ ቆም ብለው ከብት ከተከለከለው ተዳፋት ውስጥ ያለውን ደረቅ የመንጠሴ ቁጥቋጦ አሳዩኝና ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ከሆነ ብለው ተዉት። ቤቱ ስንደርስ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። የየሺ አማት፣ ያን ቀን እኔን የጠየቁኝ ሴት፣ በር ላይ ተቀበሉን። እዚያም ሁሉም እየሰማ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ተናገርኩ። አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠጁን ማን እንደሚቀምሰው ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

የሺ ከጓዳ ወጣች። ከሠርጉ ቀን በኋላ አላየኋትም ነበር፤ ከስታለች። ከእጄ ላይ የጠጁን ማሰሮ ተቀብላ በአንድ ብርሌ ቀዳች። ወደ በሩ ብርሃን አንሥታ አየችው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጠጁን አሳልፎ ጣቶቿን ማየት ይችል ነበር። ቆማ ጠጣች፤ እስከ ግማሹ ጠጣችና ቆየች። አባቷ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሡም።

ከዚያ ሌላ ብርሌ ሞላች፣ በሁለት እጇ ይዛ አማቷ ፊት ሄዳ ጎንበስ አለች።

«እማማ» አለች፣ «የአባቴ ማር ነው።»

አማቷ ተቀብለው ጠጡ። ጥቂት ጠበቁ። ባዶውን ብርሌ እንድትደግምላቸው መልሰው ዘረጉላት።